ከጉራዕ እስከ ካይሮ

በ1868 ዓ.ም. ኅዳር 7 ቀን በመረብ ወንዝ አጠገብ ጉንደት በተባለው ሥፍራ አንድ የግብፅ ጦር ከነአዛዦቹ ተደመሰሰ፤ በዘጠነኛው ቀን፣ ኅዳር 16፣ የዚያ ጦር ላኪ የነበረው ከዲቭ እስማኤል ፓሻ በስዌዝ ቦይ ኩባንያ ውስጥ የነበረውን አክሲዮን ጠቅልሎ ወደ 4 ሚሊዮን በሚጠጋ ፓውንድ ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ። ጉንደት አክሲዮኑን አሸጠ ማለቴ አይደለም፤ ለሽያጩ ምክንያት የሆነው ዕዳ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ሲከማች የኖረ ነው። ነገር ግን የዐባይን ምንጭ በእጁ ለማግባት ወደ ሰው አገር ጦር የሰደደው ገዥ የዐባይን አፍ ማስረከብ የጀመረው በዚያው ወር መሆኑን ስመለከት፣ ሁለቱን ታሪክ ለየብቻው መጻፍ የለመድን ሰዎች አንድ ትልቅ ነገር አጉድለናል እላለሁ። በእኛ ዘንድ ጉንደትና ጉራዕ የድል ስሞች ናቸው፤ ድል የተነሣው ወገን ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ድል ያደረገውስ በመጨረሻ ምን አገኘ ብሎ የሚጠይቅ ከዚያም ያንሳል።

እስማኤል ፓሻ የታላቁ የመሐመድ ዐሊ የልጅ ልጅ ነበር። በፓሪስ ተምሮ በ1855 ዓ.ም. በካይሮ መንበር ከተቀመጠ በኋላ ግብፅን በጥቂት ዓመት ውስጥ የአውሮፓ አቻ ሊያደርጋት ተመኘ፤ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፣ የመስኖ ቦይ አስቈፈረ፣ ቤተ መንግሥት በቤተ መንግሥት ላይ አሳነጸ፤ በ1862 ዓ.ም. የስዌዝ ቦይ ሲመረቅ ለአውሮፓ ነገሥታትና መሳፍንት ያደረገው ግብዣም ለረጅም ዘመን ሲወራ ኖሯል። ይህ ሁሉ የተሠራው በብድር ነበርና ዕዳው በወለድ ላይ ወለድ እየጨመረ በ1868 ዓ.ም. ወደ 90 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር። ከዚህ ጋር በልቡ ያደረ አንድ ሌላ ሐሳብ ነበረው፤ እርሱም ከእስክንድርያ እስከ ታላላቆቹ ሐይቆች፣ ከዳርፉር እስከ ቀይ ባሕር የሚደርስ ሰፊ ግዛት ማቆም ነው። ምጽዋን ከቱርክ ሱልጣን በዓመታዊ ግብር ተቀብሎ ነበር፤ በ1864 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ለእርሱ ያደረው ስዊሳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ቦጎስንና ከረንን ያዘለት። ይህ ሲሆን ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በአክሱም ጽዮን ቅብዐ መንግሥት ከተቀቡ ገና ስድስት ወር ያህላቸው ነበር።

ቀጥሎ የመጣውን ታላቅ ዘመቻ ቀላል አስመስሎ ያሳየው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሰባት ዓመት በፊት ሌላ መንግሥት ያደረገው ዘመቻ ነው። የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ሮበርት ናፒየር አዝማችነት ዙላ ላይ ወርዶ፣ እስረኞቹን አስፈትቶ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የአምባውን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ዘርፎ በመጣበት መንገድ ሲመለስ ያየ ሁሉ፣ ኢትዮጵያ መድፍና የሠለጠነ ጦር ላለው ሰው በሯ የተከፈተ አገር መሰለችው። ናፒየር ግን በየደረሰበት እህሉንና አጋሰሱን በማርያ ቴሬዛ ብር እየገዛ ነበር ያለፈው፤ የመጣሁት እስረኞቼን ለመውሰድ ነው እንጂ አገር ለመያዝ አይደለም ብሎም ለየመኳንንቱ አስታውቆ ነበር፤ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር የተቃቃረው መኳንንት ሁሉ በዚህ ቃል ተማምኖ መንገዱን ባይለቅለት ኖሮ ያ ጦር መቅደላን ላያይ ይችል ነበር። ይህን የጉዳዩን ግማሽ የካይሮ ሰዎች አላነበቡትም።

ሌላም ያላሰቡት ነገር ነበር። ናፒየር ሲመለስ ስለ ውለታው ብሎ ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ መድፍ፣ በመቶ የሚቈጠር ጠመንጃና ባሩድ ትቶላቸው ሄዷል፤ እርሳቸውም በዚያ መሣሪያ፣ ኪርክሃም የተባለ እንግሊዛዊ ወታደር ጦራቸውን እያሠለጠነላቸው፣ በ1863 ዓ.ም. ክረምት በቍጥር እጅግ የሚበልጣቸውን የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሠራዊት ዐድዋ አጠገብ ዐሰም ላይ ድል አድርገው ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። እንግሊዞች ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ንጉሥ ለማንገሥ አልነበረም፤ ያነገሡት ንጉሥ ደግሞ የወዳጃቸውን የከዲቩን ጦር ያፈርሳል ብሎ የገመተ ከመካከላቸው አንድም ሰው አልነበረም። እንግዲህ የግብፅ ጦር ጉንደት ላይ የገጠመው ባላጋራ፣ ከዚያ በፊት ሌላ የባዕድ ጦር ሳያስበው አስታጥቆ የሄደው ነው።

የከዲቩ ጦር አደረጃጀት ራሱ የሚደንቅ ነበር። ወታደሩ ከእርሻው በግዳጅ የተያዘ የግብፅ ገበሬ ነው፤ ከፍተኛውን መዓርግ የያዙት ቱርኮችና ሸርከሶች ናቸው፤ በላያቸው ላይ ደግሞ እስማኤል በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የሁለቱም ወገን አዛዦች የነበሩትን፣ ከጦርነቱ በኋላ ሥራ የፈቱትን መኰንኖች በደመወዝ ቀጥሮ ሾመባቸው። የጦሩ ኤታ ማዦር ሹም ጄኔራል ቻርልስ ስቶን የሰሜኑ ወገን ነበር፤ ይህ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ አገሩ ተመልሶ በኒው ዮርክ ወደብ የሚታየው የነጻነት ሐውልት የቆመበትን መሠረት በመሐንዲስነት አሠርቷል። ጄኔራል ዊልያም ሎሪንግ ደግሞ የደቡቡ ወገን ሲሆን አንድ ክንዱን ገና በሜክሲኮ ጦርነት ያጣ ሰው ነበር። አሜሪካዊው በእንግሊዝኛ ያሰበው ትእዛዝ በአስተርጓሚ አፍ አልፎ ለቱርኩ፣ ከቱርኩም ዐረብኛ ብቻ ለሚያውቀው ወታደር እስኪደርስ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ በሰላም ቀን የሚያስቅ፣ በጦርነት ቀን ግን የሚያስፈጅ ነበር።

በ1868 ዓ.ም. መባቻ ጦሩ በብዙ አቅጣጫ ተንቀሳቀሰ። ራኡፍ ፓሻ ሐረርን ይዞ አሚሩን አስገደለ። ሙንዚንገር በታጁራ በኩል ሊገባ ሲሞክር ኅዳር 5 ቀን አውሳ ላይ አፋሮች ከነጓደኞቹ ገደሉት። ከምጽዋ ወደ ሐማሴን የወጣውን ዋናውን ጦር ዴንማርካዊው ኮሎኔል አሬንድሩፕ ይመራው ነበርና፣ ከሁለትና ከሦስት ሺህ የማይበልጥ ሰው ይዞ፣ ያንንም ከፋፍሎ ወደ መረብ ሸለቆ ሲወርድ፣ ዐፄ ዮሐንስ የክተት አዋጅ አስነግረው ያከተቱት ሠራዊት ወንዙን ተሻግሮ ጠበቀው። የዕለቱ ውጊያ ረጅም አልነበረም። አሬንድሩፕ ሞተ፤ የምጽዋ ገዥ የነበረውና የግብፅ ታላቅ ሚኒስትር የኑባር ፓሻ የቅርብ ዘመድ የሆነው አራኬል ቤይም ሞተ፤ ዜናውም በካይሮ እንዲሸሸግ ተደረገ።

እስማኤል በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ኪሳራው በአንድ ጦር ይወሰን ነበር። ነገር ግን በጦር ሜዳ የተዋረደ መንግሥት ውርደቱን በሌላ ጦር ካላጠበ ክብሩን ያጣ ይመስለዋል፤ ይልቁንም አበዳሪዎቹ በሩ ላይ ቆመው ሳሉ። ስለዚህ ከዐሥር ሺህ የሚበልጥ አዲስ ጦር በሸርከሱ በራቲብ ፓሻ አዛዥነት ላከ፤ ሎሪንግን ምክትል አደረገ፤ ልጁን ልዑል ሐሰንንም አብሮ ሰደደው። ይህ ጦር ከጉንደት ተምሮ ወደ ወንዙ ሸለቆ አልወረደም፤ ደጋው ላይ ወጥቶ በጉራዕ ሜዳና በካያ ኮር መተላለፊያ ሁለት ምሽግ ሠርቶ ተቀመጠ። የሐማሴኑ ባላባት ራስ ወልደ ሚካኤል ሰሎሞንም ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ተጣልተው ከግብፆች ወገን ሆነው ነበር። ምሽጉ ጥሩ ነበር፤ መድፉም ብዙ፤ እዚያው ተቀምጦ ቢጠብቅ፣ ስንቁን ከየቤቱ ይዞ የመጣው የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ስንቁ ሲያልቅበት መበተኑ አይቀርም ነበር። የራቲብ አሳብ ይኸው ነበር፤ ሰውየውን ፈሪ እያሉ የጻፉበት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን በዚያ ሜዳ ላይ ከነበሩት የውጭ መኰንኖች ሁሉ የአገሩን የጦር ጠባይ የተረዳው እርሱ ይመስለኛል።

የካቲት 29 ቀን የኢትዮጵያ ሠራዊት ሸለቆውን ሞልቶ ታየ፤ ቍጥሩን ጸሐፊው ሁሉ እንደ ልቡ ይጽፈዋል፣ ከግብፆቹ ብዙ እጥፍ እንደነበረ ግን ሁሉም ይስማማል። እንደሚተረከው ሎሪንግ ያን ጊዜ፣ ከግንብ ኋላ መደበቅ ለጦር ሰው ነውር ነው እያለ ራቲብን በነገር ወጋው፤ ራቲብም ክብሩ ተነክቶበት ከ5,000 የሚበልጥ ሰው ከምሽጉ አውጥቶ ሜዳ ላይ አሰለፈ። መድፉ ፊት ለፊት ይተኵስ ጀመር፤ ፊት ለፊት የሚታየው ግን የሠራዊቱ አንድ ክፍል ብቻ ነበር። ሌላው በፈፋና በቍጥቋጦ ተከልሎ በጎን ዞሮ፣ ግብፆቹ ወደ ኋላ ሲመለከቱ በሰልፉና በምሽጉ መካከል ገብቶ አገኙት። ከዚያ በኋላ ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ወደ ምሽጉ ለመድረስ ሲሯሯጥ በፈፋው ውስጥ በጦርና በጐራዴ አለቀ። ምሽጉ ራሱ ግን አልተደፈረም፤ በማግሥቱና ከዚያም በኋላ በቀጠለው ውጊያ በግንቡ ሥር ብዙ የኢትዮጵያ ሰው ወድቋል፤ ይህንንም የእኛ ተራኪዎች ሲያልፉት ይታያል።

ከሁለቱ ጦርነቶች የተማረከው ረሚንግተን ጠመንጃ በሺህ የሚቈጠር ነበር፤ መድፉም ብዙ ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ወታደር በጦርና በጋሻ፣ ጥቂቱም በአሮጌ ነፍጥ ይዋጋ በነበረበት አገር፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከኋላው የሚጐርስ ዘመናዊ ጠመንጃ በዚህ ብዛት መግባቱ የሰሜኑን የኃይል ሚዛን ለወጠው። በእነዚህ ጦርነቶች ስማቸው የተነሣው አሉላ እንግዳ የራስነት መዓርግ ተቀብለው መረብ ምላሽን ያዙ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ በዶጋሊ የኢጣልያንን ጦር የደመሰሱትም እኒሁ ናቸው። ግብፅ ኢትዮጵያን ትጥቅ ልታስፈታ ሄዳ አስታጠቀቻት።

በቤተ ክህነትም በኩል ያልታሰበ ነገር ተከተለ። ጳጳሳችን አቡነ አትናቴዎስ ከጉራዕ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ፤ ጳጳስ የሚሾመው መንበረ ማርቆስ ደግሞ በጠላት አገር ነውና፣ ቤተ ክርስቲያን ለጥቂት ዓመታት ቀሳውስትና ዲያቆናት የሚሾምላት አባት አጥታ ቆየች። ፍጻሜው ግን ለከዲቮቹ አልበጀም፤ ዐፄ ዮሐንስ በ1870ዎቹ መባቻ እንደ ጥንቱ ልማድ አንድ ሳይሆን አራት ጳጳሳት፣ አቡነ ጴጥሮስን፣ አቡነ ማቴዎስን፣ አቡነ ሉቃስንና አቡነ ማርቆስን አስመጡ። ከእነርሱም አንዱ አቡነ ማቴዎስ ወደ ሸዋ ሄደው፣ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዐፄ ምኒልክን ቀብተው አነገሡ።

አሁን ወደ ካይሮ እንመለስ። የጉራዕ ጦርነት ካበቃ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን፣ እስማኤል የአገሩን ግብር ለአበዳሪዎች የሚሰበስብ፣ አውሮፓውያን የሚቈጣጠሩት የዕዳ መዝገብ ቤት እንዲቆም ፈረመ። ቀጥሎም የገንዘብ ሚኒስትሩ እንግሊዛዊ፣ የሥራ ሚኒስትሩ ፈረንሳዊ ሆነ። ወጪ መቀነስ ግድ ሲሆን በመጀመሪያ የተመታው ጦሩ ነበር፤ በ1871 ዓ.ም. 2,500 መኰንኖች በግማሽ ደመወዝ እንዲሰናበቱ ተፈረደ፤ ውዝፍ ደመወዛቸውም ገና አልተከፈላቸውም። ስለ ኢትዮጵያ ዘመቻ በጦሩ ውስጥ የሚነገረው አንድ ነበር፤ ገበሬው ወታደር አለቀ፣ ያስጨረሱት ሸርከሶች ግን በሹመታቸው አሉ የሚል ነው። በዚያ ዓመት የካቲት መኰንኖቹ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ኑባር ፓሻን መንገድ ላይ ከሠረገላው ጐትተው አዋረዱት፤ ዘመዱ ጉንደት የቀረበት ያ ኑባር ነው። እስማኤልም ከዚህ አመፅ ሊጠቀም አስቦ ኑባርን ሲያሰናብት፣ አበዳሪ መንግሥታት ሱልጣኑን አስገድደው በሰኔ ወር እርሱን ራሱን ከመንበሩ አስወረዱት፤ ልጁ ተውፊቅ ተተካ።

በኢትዮጵያ ዘመቻ ጊዜ በጓዝ ማጓጓዣ ክፍል ያገለገለ አሕመድ ዑራቢ የሚባል የገበሬ ልጅ፣ መዓርጉ ኮሎኔል የደረሰ መኰንን ነበር። ይህ ሰው በ1873 ዓ.ም. ጳጕሜን 5 ቀን፣ በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ጦሩን አሰልፎ በዐብዲን ቤተ መንግሥት ፊት ቆመና ሕዝባዊ ሸንጎ እንዲጠራ ተውፊቅን ጠየቀው። ግብፅ ለግብፃውያን የሚለው ስሜት ከዚያ ሰልፍ ጋር ኃይል አገኘ። የዑራቢን አመፅ የጉራዕ ልጅ ብቻ ማድረግ ስሕተት ይሆናል፤ ዕዳው፣ የቱርኮቹ ትምክሕት፣ የአውሮፓውያኑ ጣልቃ ገብነት ሁሉ አሉበት፤ ነገር ግን ለአዛዦቹ የነበረውን ፍርሃትና አክብሮት ጉንደትና ጉራዕ ላይ የቀበረ ጦር ነው በዐብዲን አደባባይ የቆመው። እንግሊዝም ለቦዩና ለብድሩ ፈርታ በ1874 ዓ.ም. ሐምሌ እስክንድርያን በመርከብ መድፍ ደበደበች፤ በ1875 ዓ.ም. መስከረም 4 ቀን ጎሕ ሲቀድ ቴል ኤል ከቢር ላይ የዑራቢን ጦር በታተነች። ጸጥታ እስኪመለስ ለጥቂት ጊዜ ነው የምንቆየው ተባለ።

እንግሊዝም በተራዋ የማታውቀውን ሸክም ተሸከመች። በሱዳን መሐመድ አሕመድ መሐዲ ነኝ ብሎ ከተነሣ ዓመት አልፎት ነበርና፣ በቴል ኤል ከቢር የተበተነው ወታደር ተለቅሞ በእንግሊዛዊው በሂክስ ፓሻ አዛዥነት ተላከበት፤ ልቡ የሸሸ ጦር ነበርና በ1876 ዓ.ም. ጥቅምት ሸይካን ላይ አለቀ። በከሰላ፣ በገላባትና በሌሎችም ምሽጎች የተከበበውን የግብፅ ዘብ የሚያስወጣ ሲጠፋ፣ እንግሊዝ ከስምንት ዓመት በፊት ከዚያው ጦር ጋር ወደተዋጉት ወደ ዐፄ ዮሐንስ አድሚራል ሂዌትን ላከች። በ1876 ዓ.ም. ግንቦት 27 ቀን ዐድዋ ላይ በተፈረመው ውል ቦጎስ ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ በምጽዋ በኩል ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተፈቀደ፤ በለውጡ ዐፄ ዮሐንስ የተከበቡት ግብፆች በአገራቸው በኩል እንዲወጡ አደረጉ። ስለ ግብፅ የፈረመው ደግሞ ሜሰን ቤይ የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ የቅጥር መኰንን ለከዲቩ የቀረለት እንዲህ ያለው ጥቂት ነው።

ውሉ ለኢትዮጵያ ብዙ ያስገኘ መስሎ ነበር፤ በእውነቱ ግን ዐፄ ዮሐንስ ይህን ጊዜ የግብፅን ጠላት ለራሳቸው ወረሱ። መሐዲስቶች የተከበበውን ሰው ያስመለጠባቸውን ንጉሥ ይቅር አላሉም። በሌላ በኩል እንግሊዝ ፈረንሳይ ምጽዋን እንዳትይዝ ስትል ለኢጣልያ መንገድ ለቀቀችና፣ ውሉ ከተፈረመ ስምንት ወር ሲሆነው፣ በ1877 ዓ.ም. ጥር ማለቂያ፣ የኢጣልያ ወታደሮች ምጽዋ ወረዱ። ደካማውን የግብፅ ዘብ ድል አድርገው ወደቡን ያልያዙ ሰዎች፣ ከዚያ በኋላ ከማንም ይልቅ የበረታ ባላጋራ በዚያው ወደብ ላይ አገኙ። ዐፄ ዮሐንስ በሁለት ጠላት መካከል ቆመው፣ ከጉራዕ ድል ልክ በዐሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ በ1881 ዓ.ም. መጋቢት መባቻ መተማ ላይ ቈስለው ዐረፉ፤ ከዚያ በኋላ ዓመት ሳይሞላ ኢጣልያ መረብ ምላሽን ኤርትራ ብላ ቅኝ ግዛቷ አደረገችው። ሐረርም እንዲሁ ነው፤ ግብፆች የጥንቱን አሚርነት ሰብረው ዐሥር ዓመት ያህል ገዝተው በ1877 ዓ.ም. ሲወጡ፣ ከኋላቸው የተተካው አሚር ዐብዱላሂ ደካማ ነበርና፣ ንጉሥ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ከተማይቱን ያዙ።

ይህን ታሪክ ለሚጽፉ ወጣቶች የምለው አንድ ነገር አለ፤ ጉራዕን በጦር ሜዳው ላይ ጀምራችሁ በጦር ሜዳው ላይ አትጨርሱት። ሐማሴንም በተከታታይ ጦር ተረግጦ፣ ባላባቶቹ እርስ በርሳቸው ተፋጅተው፣ ገበሬው ተሰድዶ ለረጅም ዘመን ሳያገግም ቀርቷል፤ ስለ እርሱ የተጻፈው ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ነው። እስማኤል ፓሻ ከመንበሩ ከወረደ በኋላ መጀመሪያ በኢጣልያ፣ ኋላም በኢስታንቡል ተቀምጦ በ1887 ዓ.ም. ሞተ። ለጥቂት ጊዜ ነው ተብሎ ግብፅ የገባው የእንግሊዝ ጦር የመጨረሻዎቹ ዘቦች ከስዌዝ ሠፈራቸው የወጡት በ1948 ዓ.ም. ሰኔ ወር ነው።